ነጩን የጉሬዛ ግልገል ፍለጋ

ከጊንጪ ወጥተው የጭልሞን ዳገት ሳይጀምሩ ዝናቡ ወረደባቸው። በጥር! ሰምሃል ኮፍያዋን እስከ ዓይኗ ስባ ሰማዩን ረገመችው።

አምቦ ለማስተማር ከመጣች ዓመት አልሞላትም። ለተራ አንባቢ የሚሆን የዱር አራዊት መጽሐፍ እየጻፈች ነው፤ የቀራት የጉሬዛ ምዕራፍ ብቻ ነው። የጉሬዛ ግልገል ሲወለድ ድፍን ነጭ ነው፤ ሦስት ወር ገደማ ሲሞላው እንደ ትልልቆቹ ጥቁርና ነጭ ይሆናል። መንገድ መሪዋ ኦቦ ሌንጂሳ አንዱን ካዩት ሰንብተዋል። ዛሬ ካልደረሰችበት ሌላው መቼ እንደሚወለድ ማን ያውቃል? አርታኢዋ ደግሞ በየቀኑ ይደውላል፤ «በዓይንሽ አይተሽዋል ወይስ ከሰው ቀድተሽ ነው?» እያለ ያንጨረጭራታል።

ወንዙ ደፍርሶ ሞልቷል። ኦቦ ሌንጂሳ ካራቸውን አዋሷት። የወይራ ዱላ ቆርጣ፣ ካራውን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ፣ ውሃው ወገቧን እየገፋት ተሻገረች። ጫማዋ በየእርምጃው ጫቅ ጫቅ ይላል።

ከዳገቱ ወገብ ላይ ጉሬዛዎቹ ከላይ ሲያገሱ ሰማች። ደስታዋ አፍታም አልቆየ፤ የእንጨት ቆራጮች ውሾች ይጮኹ ጀመር።

«አቤት አበሳ! አሁን ያስበረግጉብኛል!» አለች።

ውሾቹ ያስበረገጉት ግን ከርከሮ ነው። በእሾህ በታጠረችው ቀጭን መንገድ ቁልቁል እየጋለበ መጣባት። ከኋላዋ ኦቦ ሌንጂሳ ደንግጠው አማርኛቸው ጠፋቸው።

«ካራ ኬኒ! ካራ ኬኒ!»

ሰምሃል ገበያ ለገበያ ስትዞር «ኬኒ» ማለት «ስጪ» እንደሆነ ለምዳለች። ለከርከሮው ጀርባዋን ሰጥታ፣ ቦርሳዋን በርብራ ካራውን አወጣችና በእጀታው በኩል በአክብሮት ዘረጋችላቸው!

ሽማግሌው ተወርውረው እሾሁ ውስጥ ገፈተሯት። ከርከሮው እግራቸውን ገጭቶ አለፈ።

«መንገድ ልቀቂ ነው ያልኩሽ!» ብለው አቃሰቱ። «ካራ መንገድ ነው! ወይ ጉድ!»

ቁርጭምጭሚታቸው ወዲያው አበጠ። ከላይ ዝግባው ላይ ቅርንጫፍ ይወዛወዛል።

«ሂጂ፣ እዚያ ናቸው። እኔ እቆይሻለሁ» አሏት።

ሰምሃል ዝግባውን አየች። ከዚያ ወንዙን አዳመጠች፤ ድምፁ ከቅድሙ በርትቷል። ልቧ እርር አለ።

«ዝም ይበሉ ኦቦ! ውሃው ሳይብስ ይነሱ!»

ክንዳቸውን ትከሻዋ ላይ ጣለች። እየተነጫነጨች፣ እየወደቀች፣ እየተነሳች አወረደቻቸው። ወንዙ መሐል ዱላዋን ውሃ ወሰደው፤ እሳቸውን ግን አልለቀቀችም።

ጊንጪ ጤና ጣቢያ ነርሷ እግራቸውን እየጠቀለለች «ከርከሮ ነው የጣለዎት?» አለቻቸው።

«ከርከሮውማ በመንገዱ ነው የሄደ። እኔን የጣለኝ አማርኛ ነው።»

የሰምሃል ስልክ ጮኸ። አርታኢዋ ነው።

«አላየሁትም» አለችው። «ምዕራፉም ‹አላየሁትም› ብሎ ይጀምራል» ብላ ዘጋችው። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«ለመሆኑ ‹ሩጪ› በኦሮምኛ ምንድን ነው?»

«ፊጊ።»

«ታዲያ ቀድሞውኑ ‹ፊጊ› ቢሉኝ ምን ነበረበት?»

ኦቦ ሌንጂሳ በረጅሙ ተነፈሱ። «ብልሽስ ኖሮ ደግሞ ምን አውጥተሽ ልትሰጪኝ ነበር?»