የሽኮኮዋ በጠጥ

አምስተኛው ዛፍ ሥር ስትንበረከክ የኢልታ ሱሪ እስከ ጉልበቷ ርሷል። ሚያዝያ ነው፤ ጥላ ውስጥ ያለው በረዶ ገና አልቀለጠም፣ የቀለጠውም የሚሄድበት ያጣ ይመስል መሬት ላይ ተኝቷል። የደረቀውን ሣር ገለጥ ስታደርግ እንደገና አገኘችው። ሩዝ የሚያክል ቢጫ በጠጥ፣ አንድ እፍኝ ያህል፣ አንድ ቦታ ላይ።

መደሰት ነበረባት። ከአንድ ሰዓት በፊት የመጀመሪያው ዛፍ ሥር ስታገኝ «አገኘሁ!» ብላ ጮኻ ነበር። የተፈጥሮ ክበቡ ኃላፊ ቲቸር ኡላ እየሮጠች መጥታ ፎቶ አነሳች፣ ኢልታን አቀፈቻት፣ እዚያው ቆማ በስልኳ የመንግሥት መዝገብ ላይ አስገባችው። ለዱር እንስሳት ባለሙያዋ ደወለች፤ ለጫካው ባለቤት ለታውኖም ደወለች። ከዚያ ሌሎቹን ልጆች በሚኒባስ ይዛ ስትመለስ፣ በብስክሌት የመጡት ኢልታና ጓደኛዋ ፒህላ የቀሩትን ዛፎች አይተው እንዲከተሏት ነገረቻቸው።

በራሪ ሽኮኮ የምትኖርበት ዛፍ አይቆረጥም፤ ዙሪያውንም መጋዝ አይገባም። ሕጉ ይኸው ነው። ሽኮኮዋን ራሷን ማየት ደግሞ ዘበት ነው፤ ቀን ትተኛለች፣ ሲመሽ ከዛፍ ወደ ዛፍ እየተንሳፈፈች ትሄዳለች። ስለዚህ በዚህ አገር ሰው ለዛፍ ሊሟገት ሲነሳ በመጀመሪያ ተንበርክኮ በጠጥ ይፈልጋል።

ኢልታ ግን በአራት ዓመት የክበብ አባልነቷ እንዲህ ሥርዓት ያለው በጠጥ አይታ አታውቅም። የሽኮኮ በጠጥ በግንዱ ዙሪያ ይበተናል፣ ቅርፊቱ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፣ የክረምቱ ቡኒ ከጸደዩ ቢጫ ጋር ይደባለቃል። ይሄኛው አንድ ላይ ተቆልሎ ያለፈው ዓመት ቅጠል ላይ ተቀምጧል። ቀና ብላ ግንዱን አየችው። ሃፓ ነው፤ ቅጠሉ ያለ ነፋስ የሚንቀጠቀጠው፣ ሽኮኮዋ የምትወደው ዛፍ። ግን ገና ቀጭን ነው፤ መኖሪያ የሚሆን አንዲት ቀዳዳ እንኳ የለውም።

«ፒህላ» አለች ሳትነሳ። «ይቺ ሽኮኮ በማንኪያ እየሰፈረች ነው እንዴ የምታራው?»

ፒህላ ከጀርባዋ ቆማ ነበር። ሳቀች። ሳቋ ቶሎ አለቀ፤ ኢልታም ይህን ሳቅ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ስለምታውቀው ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋትም።

«አንቺ ነሽ ያመጣሽው።»

«አታካብጂ ባክሽ። በጠጥ ነው፣ ቦምብ አይደለም።»

ከዚያ ዓይኗን በጨው አጥባ ሁሉንም ዘረገፈችው። ታውኖ ሰኔ ላይ ማሽን አስገብተው ይህን ጫካ ሊያስቆርጡት ነው። የበረዶ ሸርተቴው መንገድ የሚያልፈው በዚህ ነው፤ ሁለቱም መንሸራተት የተማሩት እዚህ፣ ነሐሴ ላይ እንጆሪ የሚለቅሙት እዚህ፣ ከእናቶቻቸው ጋር ሲጣሉ የሚሸሹትም እዚህ ነው። ክበቡ ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጽፎ ምን አተረፈ? ስለዚህ ማክሰኞ ከትምህርት በኋላ ትልቅ የእርጎ ዕቃ ይዛ ሄዳ ሞላች፤ ትናንት ደግሞ እዚህ አምጥታ ዘራችው። የሆነው ይኸው ነው፤ ማንም አልሞተም አለች።

ኢልታ ልትቆጣ አፏን ስትከፍት አንድ ጥያቄ ቀደማት።

«ከየት ነው የሞላሽው?»

«ከየት ይሆናል? ከወንዙ ዳር ነዋ።»

«ምን ያህል?»

«ያለውን። ለአምስት ዛፍ ትንሽ ይበቃል እንዴ?»

ኢልታ ግንባሯን በእርጥብ ጓንቷ ያዘች። የወንዙ ዳር ጫካም የታውኖ ነው። እሱም ሰኔ ላይ ይቆረጣል ከተባሉት አንዱ ነው። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ባለሙያዋ መጥታ ሁለቱንም ታያለች፤ የምትፈልገውም በክበቡ ደብተር ላይ የተጻፈውን የድሮ ወሬ ሳይሆን የዘንድሮን ምልክት ነው። ክበቡ የሚያውቃት በራሪ ሽኮኮ ደግሞ አንዲት ብቻ ናት፣ የምትኖረውም ወንዙ ዳር ነው። ፒህላ ሽኮኮ የሌለበትን ጫካ አድናለሁ ብላ ሽኮኮ ካለችበት ጫካ ማስረጃውን ሁሉ ወስዳዋለች።

ይህን ስትነግራት የፒህላ ጆሮ ቀላ። ቀስ ብሎ የገባት መሰለ። ከዚያ ግን ሽኮኮዋ ለራሷ ሌላ ታምጣ ብላ አረፈችው። ኢልታ ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር ሰባት ዓመት አንድ ወንበር ላይ መቀመጧ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆጫት።

ወንዙ ድረስ በብስክሌት አስር ደቂቃ ነው። ኢልታ ዞር ሳትል ፊት ፊት ነዳች። ፒህላ ከኋላዋ ሆና ስለ ጭቃው፣ ስለ ብስክሌቷ ሰንሰለት፣ ስለ ሰኞው የሒሳብ ፈተና አወራች፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይሄ ነው።

የሸርተቴውን ጫካ ታውኖ በወጣትነታቸው የተከሉት ነው፤ ዛፎቹ እንደ አንድ ክፍል ተማሪዎች እኩያ ናቸው። ወንዙ ዳር ግን መጋዝ ገብቶ አያውቅም። ሽበት ያንዠረገጉ ጥዶች፣ ቆመው የሞቱ፣ ወድቀው የሚበሰብሱ፣ በብስባሹ ላይ የበቀሉ ችግኞች፣ በመሃላቸውም ሁለት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው አንድ ትልቅ ሃፓ። ቀዳዳውን የቦረቦረው ግንደ ቆርቁር ነው፤ እሱ ጥሎት ሲሄድ ሽኮኮዋ ወረሰችው። ከዚያ እየወጣች የወንዝ ዳሩን ዛፎች አበባ ትበላለች፣ በጠጧም ጸደይ ላይ ቢጫ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሰፊ ገላጣ መሬት ማቋረጥ አትችልም። በዙሪያዋ ያሉት ከተቆረጡ የምትሄድበት የላትም።

የሃፓው ሥር ንጹህ ነበር። ከመጽዳትም አልፎ የጭረት መስመር ይታይበታል።

«መጥረጊያ ይዘሽ ነው የመጣሽው?»

«የእማዬን ትንሿን። በእጅ ይቀፋላ።»

ኢልታ ሳቅና ልቅሶ እኩል መጣባት፤ ሁለቱንም ዋጠችው። በአራት እግሯ እየሄደች ግንዱን ዞረችው፣ ቅርፊቱን በስልኳ መብራት እያየች ስንጥቁን ሁሉ ፈተሸች። በሦስተኛው ዙር ሰሜን በኩል ካለው ሥር ላይ ሁለት ፍሬ አየች። ቢጫና እርጥብ ነበሩ፤ ምናልባት የትናንት ምሽት ናቸው። አልነካቻቸውም።

«በቃ፣ እንመልሰዋ» አለች ፒህላ። አሁን ድምጿ ተለሳልሷል። «ሄደን እንለቅመዋለን። ግማሹን እዚህ፣ ግማሹን እዚያ። ሁለቱም ይተርፋሉ። ማን ይጎዳል?»

ማን ይጎዳል? ኢልታ ቆማ አሰበችበት። በጠጡ የዚህችው ሽኮኮ ነው፣ ወደ ቤቱ መመለስ ነው። የሸርተቴው ጫካም ይተርፋል። ባለሙያዋ ግን ሞኝ አይደለችም፤ ኢልታ በአንድ ሰዓት የደረሰችበትን እሷ በአምስት ደቂቃ ትደርስበታለች። ያን ጊዜ እነዚህ ሁለት ፍሬዎች እንኳ የልጆች ተንኮል ይሆናሉ። ግን ባትደርስበትስ? ይህ ሐሳብ ሲመጣባት ደስ አላት፤ ደስ ስላላትም በራሷ ይበልጥ ተናደደች።

ስልኳን አውጥታ ቲቸር ኡላ ጋር ደወለች።

«እንዳትነግሪያት» አለች ፒህላ። «ከነገርሻት ያ ጫካ ይቆረጣል። በአንቺ አፍ።»

«አውቃለሁ።»

«የት ልንንሸራተት ነው ታዲያ?»

«አላውቅም።»

ቲቸር ኡላ ስታነሳ ኢልታ በመጀመሪያው ዛፍ ሥር የጮኸችበት በጠጥ በሰው እጅ የመጣ መሆኑን፣ ከየት እንደመጣም ነገረቻት። ከዚያ ቲቸር ኡላ መዝገቡን ራሷ እንደምትሰርዝ፣ ለባለሙያዋም እንደምትነግራት፣ ታውኖ ግን ከእሷ ከመስማታቸው በፊት ከኢልታ አፍ ቢሰሙ እንደሚሻል ተናገረች። ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖር ይቀል ነበር። ኢልታ ስልኩን ስትዘጋ ፒህላ ብስክሌቷ ላይ ወጥታ ሄዳለች።

ታውኖ ግቢያቸው ውስጥ እንጨት እየፈለጡ ነበር። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ሲናደዱ እንጨት ይፈልጣሉ፣ ዛሬ ደግሞ ክምሩ መስኮቱን አልፏል። ኢልታን ሲያዩ መጥረቢያውን ጉቶው ላይ ሰኩት።

«አገኘሁ ብላ የጮኸችው አንቺ ነሽ አሉ» አሉ። «እንኳን ደስ አለሽ። በእጄ የተከልኩትን ጫካ አትንካ ተባልኩ።»

ኢልታ መንገድ ላይ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት። አንዱም ቃል ትዝ አላላትም።

«ውሸት ነው ጋሽ ታውኖ። እዚያ ሽኮኮ የለችም። በጠጡ ከወንዙ ዳር የመጣ ነው።»

«ማን አመጣው?»

«እሱን ያመጣው ሰው ራሱ ይንገርዎት። እኔ ጮኼያለሁ። ጥፋቴን ልናገር ነው የመጣሁት።»

ሽማግሌው ጓንታቸውን አውልቀው ጉቶው ላይ ወረወሩት። ልጆች ደብዳቤ ጻፉልኝ፣ ዝም አልኩ አሉ። ልጆች በግቢዬ በኩል ተንሸራተቱ፣ ዝም አልኩ። መምህርቷ ሳታስፈቅደኝ ሰው ሁሉ ይዛ ጫካዬ ገባች፣ ዝም አልኩ። አሁን ደግሞ በጠጥ ይዘራብኛል። ይህን ሁሉ ወደ እሷ ሳያዩ፣ ለእንጨቱ እንደሚናገሩ ሆነው አወሩት። ኢልታ ሁሉንም ቆማ ሰማች፤ አብዛኛው እውነት ነበር።

ሲጨርሱ ዞረው አዩዋት።

«የወንዙንስ ለምን ላምናችሁ? ነገ ባለሙያዋን ልጆች የዘሩት ነው ብላት ምን ትያለሽ?»

ኢልታ የፈራችው ይህንን ነበር።

«አይመኑኝ» አለች። «ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ራስዎ ይምጡና ይዩ። ሁለት ፍሬ አለ፣ በሰሜን በኩል ሥሩ ላይ። አልነካሁትም። ሌሊት ከወጣች ደግሞ ይጨመር ይሆናል። ካልተጨመረም ሁለት ነው።»

«ሁለት።»

«ሁለት።»

ታውኖ አገጫቸውን እያሻሹ ወደ ወንዙ አቅጣጫ አዩ። አባታቸውም ያንን ጫካ ሳይነኩት እንደሞቱ ተናገሩ፤ ሽኮኮ አለ ብለው ሳይሆን ስንፍና ይዟቸው ነው አሉ። ኢልታ ይቀልዱ እንደሆነ ማወቅ አልቻለችም።

«እመጣለሁ» አሉ በመጨረሻ። «የሸርተቴው ጫካ ግን ሰኔ ላይ ይወድቃል። ማሽኑ ተቀጥሯል። ስለ እሱ የምትዪኝ ነገር አለ?»

ኢልታ ስለዚያ ጫካ የምትለው ብዙ ነበራት። አምስት ዓመቷ ሳለ እናቷ በገመድ እየጎተተች መንሸራተት ያስተማረቻት እዚያ ነው። በክረምት መንገዱን የሚያበራው መብራት ሲበራ ከመኝታ ቤቷ መስኮት ይታያል። ይህን ሁሉ ብትነግራቸው ምናልባት ሽማግሌው ይሰሟት ነበር፤ ምናልባት ጥቂት ዛፎች ይተዉ ነበር። ግን ከውሸቱ ማግስት፣ ያውም ወንዙን ለማዳን በመጣችበት አፍ፣ ሌላ ልመና ማከል አልሆነላትም።

«የለኝም» አለች።

በሩ ላይ ስልኳ ጮኸ። ፒህላ ናት፤ የጻፈችው አንድ ቃል ብቻ ነው፣ «ነገርሻቸው?» የሚል። ኢልታ በቀዘቀዘ ጣቷ መለሰችላት፦ «ነገርኳቸው። ስምሽን አልጠራሁም። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ወንዙ ዳር ይመጣሉ፣ እኔም እዚያ ነኝ።» መልስ አልጠበቀችም።

ወደ ቤት በሸርተቴው ጫካ ቢሄዱ መንገዱ በግማሽ ያጥራል። ኢልታ ብስክሌቷን አዙራ በአስፋልቱ ሄደች።