ያልበቀሉት ስምንት ትሪዎች

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በችግኝ ጣቢያው ግቢ አራት ሰዎች ነበሩ፤ ባለቤቱ ሽማግሌ፣ ሴት ልጁ፣ ታናሽ ወንድሙ እና ሰው ሁሉ ወንፊት እያለ የሚጠራው፣ እዚያ ሃያ ዓመት የሠራ ሠራተኛ። ስምንት ሰዓት ላይ ልጅቱ ከከተማ ስትመለስ አባቷን በዘር ቤቱ ወለል ላይ ተደፍቶ አገኘችው።

የተመታው በአካፋ ነበር። አንዴ አይደለም። የመጀመሪያው ምት መንጋጋውን ሰብሮታል፣ ሁለተኛው ጆሮ ግንዱን ሰንጥቆታል፣ የቀሩትን ሐኪሙ መቁጠር ትቷል። ደሙ እስከ አፈር ክምሩ ሄዶ ረግቷል። ሽማግሌው ሲስቅ ብልጭ የሚለው የብር ጥርሱ አፉ ውስጥ አልነበረም።

«ውጦት ይሆናል» አለ ሐኪሙ። የሞተበትን ሰዓት ሲጠየቅ ደግሞ የላስቲክ ጣሪያውን አሳየ። «ይህ ሙቀት ያሳስታል። ከሦስት እስከ ሰባት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚያ በላይ አልምልም።»

የፖሊስ መርማሪዋ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ዓይኗ የማይቸኩል ሴት ነበረች። ከሬሳው በላይ በመደርደሪያው ላይ የተደረደሩትን አፈር የተሞሉ አሥራ ሁለት የችግኝ ትሪዎች አየች። ሁሉም ተዘርተው ረጥበዋል። ዘሩ የፈረስ ጭራ የሚሉት የአገሩ ሣር ነው፤ ዝናብ ቢቀር የማይደነግጥ፣ ሲያብብ ቀላ ያለ ጭራ የሚያወጣ፣ ለአደባባይና ለመንገድ ዳር ጌጥ የሚፈለግ።

«አባትሽን መጨረሻ ያየሽው መቼ ነው?» አለቻት ልጅቱን።

«ለሦስት ሰዓት ሃያ ጉዳይ። የመጀመሪያውን ትሪ ሲጀምር ወጣሁ።»

«አንድ ትሪ ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል?»

«ሩብ ሰዓት። ከሩብ ሰዓት በታች የሚዘራ ሌባ ነው ይል ነበር።»

አሥራ ሁለት ትሪ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። እንግዲህ ሽማግሌው ቢያንስ ለስድስት ሰዓት ሃያ ጉዳይ እስኪሆን በሕይወት ነበር ማለት ነው።

ታናሽ ወንድሙ ከዓመት በፊት የመጣ፣ የጣቢያውን የጭነት መኪና የሚነዳ ሰው ነው። «አራት ሰዓት ላይ ችግኝ ጭኜ ስወጣ ስድስተኛው ትሪ ላይ ነበር» አለ። «ቀና ሳይል በእጁ ሂድ አለኝ። ከዚያ እስከ አሥር ሰዓት ገበያ ነበርኩ፤ ስንት ሰው አይቶኛል።»

«ከስድስት ሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ማን ነበር?»

«አባቴና ወንፊት» አለች ልጅቱ። «በእጁ ነው ያደግኩት። ወንፊትን አባባ ነበር የምለው። ይሰቀልልኝ!»

ወንፊት በእስር ክፍሉ ውስጥ ደም በደረቀበት ሸሚዙ ተቀምጦ ጠበቃት።

«አካፋው ያንተ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ደሙስ?»

«የጋሼ ነው። ልጅቱ ስትጮህ ሮጬ አቀፍኩት።»

«ጠዋት ከግቢው ውጭ ወዳለው የውሃ ሞተር ሄደህ ስድስት ሰዓት ላይ ተመለስክ። ሁለት ሰዓት ሙሉ በሩን አልከፈትክም?»

«ጋሼ ሲዘራ በሩ አይከፈትም። ዘሩ ከላባ የቀለለ ነው፣ ነፋስ ይወስደዋል። አንዴ ከፍቼ በጥፊ አጩሎኛል።»

«ጠዋት ተጣልታችኋል አሉ።»

«እኛ ያልተጣላንበት ጠዋት አለ እንዴ? ሚስቴ ‹ያገባኸው እሱን ነው› ትለኛለች።» ሊስቅ ሞከረና አቃተው።

«በአሥረኛው ቀን መዝገብህ ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። እንዲህ ሆኖ ከሄደ ነፍስህን የሚያተርፍ የለም። የምትለው ነገር አለህ?»

«ትሪዎቹን ውሃ አጠጪልኝ። ጠዋትና ማታ፣ በመርጫ፣ እንደ ጤዛ። በስምንተኛው ቀን አሥራ ሁለቱም የሕፃን ፀጉር የመሰለ ነገር ያወጣሉ።»

አጠጣች። ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ባልደረቦቿ «ገበሬዋ! ዛሬስ በቀለ?» እያሉ ሳቁባት። በስምንተኛው ቀን ከአንደኛ እስከ አራተኛ ያሉት ትሪዎች አረንጓዴ ለበሱ። ስምንቱ መላጣ ሆነው ቀሩ።

ወንፊት ይህን ሲሰማ ከመቀመጫው ተነሣ። «ዘሩ ከላይ ይታያል?»

«በበቀሉት ላይ ይታይ ነበር። በቀሩት ላይ የሚታየው አፈር ብቻ ነው።»

«ይህ ሣር አይቀበርም እኮ! ብርሃን ካላየ አይነቃም። በትነሽ በመዳፍሽ ጫን፣ አለቀ። እነዚያን ጋሼ አልዘራቸውም።»

መርማሪዋ ስምንቱን ትሪዎች ሳትነካ አሸገቻቸው። በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም በዘር ቤቱ ሰበሰበች። ወንፊት በካቴና እንደታሰረ በፖሊሶች ተይዞ መጣ። ልጅቱ ፊቷን አዞረችበት።

«ሣር ሊያስተምሩን ነው?» አለ ወንድምየው።

«እርስዎ ያስተምሩን» አለችውና ባዶ ትሪና ቆንጠር ያለ ዘር ሰጠችው። «ይዝሩልኝ።»

«ይህን እንኳ አልችልም?» በጣቱ አፈሩ ላይ ቦይ አወጣ፣ ዘሩን አስገባ፣ አፈር አለበሰው፣ ቸብ ቸብ አደረገው።

ልጅቱ ወደ ትሪው ቀረበች። «አጎቴ... ምን እያደረግህ ነው?»

«ባቄላም ሆነ በቆሎ የዘራ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው» አለች መርማሪዋ። «አንቺና ወንፊት ግን እጃችሁ ቢቆረጥ ይህን ዘር አትቀብሩም። ሽማግሌው አራት ትሪ ዘራ፤ ያ አንድ ሰዓት ነው። ለአራት ሰዓት ሃያ ጉዳይ ላይ ተገደለ። ገዳዩ ስምንቱን በሃያ ደቂቃ ሞላቸው። ለምን? ሟቹ እስከ እኩለ ቀን የኖረ እንዲመስል። ወንፊት ቢሆን ይህ ምን ይጠቅመዋል? እኩለ ቀን ላይ እዚህ የነበረው እሱ ነው። የሚጠቅመው አራት ሰዓት ላይ ወጥቶ ሲዘራ አየሁት ያለውን ሰው ብቻ ነው።»

«ወሬ ነው!» አለ ወንድምየው።

«አፈሩን ያነሡት ከዚህ ክምር ነው፤ ደም ከደረሰበት። ሐኪሙ ጥርሱን ዋጠው አለ። እኔ አላምንም።» የትሪዎቹን ማሸጊያ ቆርጣ አፈሩን በአፈር መንፊያ አንድ በአንድ መንፋት ጀመረች። በአምስተኛው ትሪ የረጋ ደም ጓል ወጣ። በዘጠነኛው ትሪ መንፊያው ላይ አንድ ነገር ቃጭ አለ። የብር ጥርስ።

«የሞተ ሰው የራሱን ጥርስ አይዘራም» አለች።

ወንድምየው ትሪውን አንሥቶ ፊቷ ላይ ወረወረ። ግንባሯ ተተረተረ። አካፋ ለመያዝ ሲዘል ወንፊት ከነካቴናው ተወርውሮ ደረቱን መታው፤ ሁለቱም ተያይዘው ወደቁ። ፖሊሶቹ ወንድምየውን ሲያነሡት አፉ አፈር ሞልቶ ነበር።

«አንድ ዓመት ሙሉ!» እያለ ጮኸ። «አንዲት ዘር አላስነካኝም! ‹እጅህ ያደርቃል፣ መኪናህን ንዳ› ይለኝ ነበር። ያን ቀን አሳየኝ ብዬ ለመንኩት። ሳቀብኝ። በዚያ ጥርሱ ሳቀብኝ!»

ልጅቱ ወደ ወንፊት ሄደች። የታሰሩ እጆቹን ያዘች። «አባባ» አለችው።

«ተይ አሁን» አለ ወንፊት። «በሩን ዝጊው፤ ነፋስ እየገባ ነው።»

ወንድምየው ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ወንፊት ግን ጥርሱ በተገኘ ማግስት ተፈትቶ ነበር። ስምንቱን ትሪዎች ደፍቶ አጠባቸውና ከልጅቱ ጋር እንደገና ዘሯቸው። በስምንተኛው ቀን በቀሉ።