እምቢ ባይዋ ትርሲትና ቺካቴትሱ

እስቲ ልጆች፣ እግራችሁን መሬት መትታችሁ «እምቢ!» በሉ። ጎበዝ! ትርሲትም ልክ እንደዚያ ነው የምትለው።

ትርሲት ከእማዬና ከአባዬ ጋር ቶኪዮ ትኖራለች። አሁን ግን እማዬ ትንሽ ወንድም ወልዳላት ሆስፒታል ተኝታለች፤ ትርሲት ሦስት ቀን ሙሉ አላየቻትም።

«ዛሬ እንሄዳለን» አለ አባዬ። «ከመሬት በታች በሚሄደው ባቡር። ጃፓኖች ቺካቴትሱ ይሉታል። በይ እስቲ፣ ቺ-ካ-ቴ-ትሱ!»

«እምቢ!» አለች ትርሲት፣ እግሯን ዷ! አድርጋ። «እማዬን ሳላይ አንዲት የጃፓን ቃል አልናገርም!»

ወጡ። በቀኝ ታጠፉ፣ በግራ ታጠፉ፣ ዞረው ዞረው አንድ ዳቦ ቤት በር ላይ ቆሙ። ወይ ጉድ! መንገዱ ጠፋባቸው።

«ሰው ጠይቅ አባዬ!» አለች ትርሲት።

«ኧረ ተይ፣ ሰው ማስቸገር ይሆንብናል» አለ አባዬ ራሱን እያከከ። አባዬ ደግ ነው፤ ይሉኝታው ግን አያድርስ!

«ሆስፒታሉ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ጠያቂ አያስገባም ብለኸኛል እኮ!»

አባዬ አሁንም ራሱን አከከ። ትርሲትም እግሯን ዷ! አደረገች። «እምቢ! ጠፍተን አንቀርም!»

ጃንጥላ የያዙ አንዲት ሴትዮ ሲያልፉ አየችና ሮጣ ፊታቸው ቆመች። የጃፓን ቃል አልናገርም ማለቷን ትታ፣ ጎንበስ ብላ፣ «ቺ-ካ-ቴ-ትሱ፣ ዶኮ ዴስ ካ?» አለች። ቺካቴትሱ የት ነው ማለቷ ነው።

ሴትዮዋ ፈገግ አሉና በጃንጥላቸው ጠቆሙ። ለካ ወደ ባቡሩ የሚያወርደው ደረጃ ከነትርሲት ጀርባ ነበር!

ዱብ! ዱብ! ዱብ! ወደ ታች ወረዱ። ባቡሩም ዡ... ዡ! ብሎ መጣና በሩ ተከፈተ።

አባዬ ግን በሩ ላይ ቆሞ ሰውን ሁሉ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ! ኧረ እርስዎም!» ይላል። ጥርቅም! በሩ ተዘጋ፤ ባቡሩ ሄደ።

ሌላ ባቡር መጣ። ዡ... ዡ! «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ!» ጥርቅም! አሁንም ቀሩ።

የትርሲት ዓይን እንባ ሞላ። «እማዬን ሳናያት ሊመሽ ነው!»

ከዚያ ወለሉን አየች። መስመር ተሠምሯል፣ ሰውም መስመሩን ይዞ ተሰልፏል።

«አባዬ፣ ሁሉም ተራውን ነው የሚጠብቀው። እኛም ተራችን ሲደርስ እንገባለን፤ ነውር አይደለም!» ብላ ሰልፉ ላይ ጎትታ አቆመችው።

ዡ... ዡ! የሚወርዱት ወረዱ፣ ከፊት ያሉት ገቡ። አባዬ ዞር ብሎ «ኧረ እርስዎ...» ሊል አፉን ከፈተ።

«እምቢ!» አለች ትርሲት፤ እጁን ይዛ ዘው! ጥርቅም! በሩ ከኋላቸው ተዘጋ።

ሆስፒታል ሲደርሱ አሥር ደቂቃ ብቻ ቀርቶ ነበር። አባዬ የእማዬ ክፍል በር ላይ ቆመና፣ «ኧረ አንቺ ቅደሚ» አላት።

«እሺ!» አለች ትርሲት። ቀኑን ሙሉ ያላለችውን! ሮጣ እማዬ እቅፍ ውስጥ ገባች።

እማዬን አቅፋ ስትጠግብ ወደ ትንሹ ወንድሟ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ «ቺካቴትሱ በል» አለችው፣ በቀስታ።

ሕፃኑ ፊቱን አኮማተረ፤ በትንሽ እግሩ ብርድ ልብሱን መታ መታ አደረገ። «እኝ! እኝ!»

«እሰይ፣ እህቱን ወጣ!» አለች እማዬ እየሳቀች፣ ሁለቱንም አንድ ላይ እቅፍ አድርጋ። «ሁለተኛ እምቢ ባይ ወለድኩ!»