ከፍየሏ ጀርባ

እኔ መነን ከአምስተኛ ክፍል ባቋርጥም ፎቶ ማየት ላይ ጅቡቲ ውስጥ የሚያህለኝ የለም። «ያየሁት» የሚባለውን የዋትስአፕ ቡድን ያቋቋምኩትም እኔ ነኝ። ሕጉ አጭር ነው፦ ሁሉም በየቀኑ ከከተማው አንድ ፎቶ አንስቶ እዚያው ደቂቃ ላይ ይልካል፣ ሌላው ይተርበዋል።

አርብ ዕለት ጋሽ ከበበው ከጣራችን ላይ ወድቆ ሞተ። ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታችን አክስቴ ክፍል ያከራየችው የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ጎረቤት ሰባት ሰዓት ግድም ከጁምዓ ሲመለስ ነው የአወዳደቁን ድምፅ የሰማው። የጣራው ከለላ ደረት ድረስ ስለሚደርስ ተደናቅፎ ከዚያ የሚወድቅ ሰው የለም። እኔ ሄሮን ሰፈር ባሕሩ ዳርቻ ፎቶ ሳነሳ፣ አክስቴ ገበያ ነበረች። ቤት የተገኘችው ፀዳል ብቻ ናት፤ ሰው ቤት ትሠራለች፣ አርብ አርብ እኛ ጋ ታርፋለች። የመኖሪያ ወረቀት የላትም። ጓዳ ተኝቼ ማንም ሲገባ አላየሁም ብትልም ፖሊስ ወሰዳት።

ሐሙስ ዕለት ከሟች ጋር ሲጨቃጨቅ የታየው ግን ጋሽ ከበበው መኪናውን የሚያሳድርበት ማቆሚያ ዘበኛ፣ ጋሽ መርሻ ነበር። እሱን ያዳንኩት እኔ ነኝ። «ሰባት ሰዓት ከአሥር ላይ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ከባልባላ የጫት ተራ ለቡድናችን ፎቶ ልኳል። በፎቶ ጉዳይ እኔን እመኑኝ» አልኳቸው ፖሊሶቹን። አመኑኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ለፖሊስ የሚያስተረጉሙት እትዬ ዘቢባ መጡ፤ ቀጭን፣ ዓይናቸው የማያርፍ ሴትዮ ናቸው። ፀዳል ወረቀት ስለሌላት በማግስቱ ወደ ድንበር እንደምትጫን ነገሩኝና ስልኬን ተቀበሉኝ።

«ጫት ትቅሚያለሽ?»

«ኧረ እትዬ፣ ልጅ እኮ ነኝ።»

«መርሻስ?»

«እሱማ ሽታውም ይቀፈዋል።»

የረቡዕ ፎቶዬ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ጋሽ ከበበው ወደሚነዳው መኪና ባለቤት ጆሮ ጎንበስ ብሏል። ሰሞኑን ከማቆሚያው ናፍጣ ይጠፋ ስለነበር፣ ከሥሩ «የናፍጣ ሌባ እየተጠቆመ ይሆን?» ብዬ ጽፌያለሁ።

«ምን ሲያወራ ነበር?»

«እኔ ምን አውቄ። ከመንገድ ማዶ ነው ያነሳሁት። ለቀልድ ነው።»

«ለቀልድ» አሉና ፎቶዎቹን ማገላበጥ ቀጠሉ።

ከሰዓት በኋላ አክስቴን፣ ጋሽ መርሻን፣ ጎረቤታችን ጫላንና እኔን ሳሎን ሰበሰቡን። ፀዳልን ፖሊስ ይዟት መጣ፤ እጇ ታስሯል።

«መርሻ፣ በዚህ ፎቶ ሴቶቹ እርጥቡን ጆንያ ገልጠው ጫት ይሸጣሉ። ሰባት ሰዓት ከአሥር ነው ያልከው» አሉ እትዬ ዘቢባ።

«አዎ። መነን ምስክሬ ናት።»

«አርብ የጫቱ መኪና መንገድ ላይ ተበላሽቶ ከተማው እስከ ዘጠኝ ተኩል ባዶ ጠረጴዛ ሲጠብቅ ነበር። የሚቅመው ቀርቶ የሚቅመው ሰው ሚስት ታውቃለች። አንተ ስለማትቅም አልሰማህም። ፎቶው የሌላ ቀን ነው።»

ጋሽ መርሻ አየኝ። እኔ ወለሉን አየሁ።

«የቆየ ፎቶ የላከ ሁሉ ገዳይ ነው?» አለ ጋሽ መርሻ።

እትዬ ዘቢባ ጫላ የላከውን ፎቶ ከፈቱ። አርብ፣ ልክ ሰባት ሰዓት፤ በራችን ላይ ካርቶን የምትበላ ፍየል። ስለ ፍየሏ ብቻ ዘጠኝ ጊዜ ጽፌ ነበር።

«ከፍየሏ ጀርባ ሦስት ጥንድ ጫማ አለ። አንዱ የከበበው፣ አንዱ የፀዳል። ሦስተኛው ማሰሪያው ተበጥሶ በሽቦ ተጠግኗል። አሁን በሩን እዩ።»

ዞርን። ጋሽ መርሻ ሲገባ እንደ ልማዱ አውልቆታል። ሽቦው ያበራል።

ጋሽ መርሻ ከጫማው ላይ ዓይኑን ሳያነሳ ተናገረ። «ከመኪናው ናፍጣውን የቀዳሁት እኔ ነኝ። መነን ያንን ፎቶ ስትለጥፈው ቡድኑ በሙሉ ሳቀ፤ እኔ አለቀልኝ አልኩ። ጣራው ላይ ብጠይቀው አልጠቆምኩህም ብሎ ማለ። አላመንኩትም። ገፋሁት።»

«እውነቱን ነበር» አሉ እትዬ ዘቢባ። «የመኪናውን ባለቤት ጠይቄያለሁ። ልጁ ታማበት ፈቃድ ነው የለመነው። ትናንት ማታ ሊሄድ ነበር።»

ፖሊሱ ካቴናውን ከፀዳል እጅ ወደ ጋሽ መርሻ አዛወረ። ዝም ማለት ነበረብኝ፤ አልቻልኩም።

«ቢሆንም እኮ» አልኩ፣ «ቡድኑን ባላቋቁም ኖሮ ገዳዩ አይያዝም ነበር።»

ፀዳል የእጇን አንጓ እያሻሸች ቀና አለች።

«ባታቋቁሚውማ ከበበው ዛሬ ልጁ ጋ ነበር።»