የሰርጉ ሱሪ

ቀለም ቀቢውና ልብስ ሰፊዋ የተዋወቁት በጠብ ነው። የሱቋን ግድግዳ ሲቀባ ነጩ ጨርቋ ላይ ሰማያዊ ቀለም አንጠባጠበባት። አፍ አፉን ስትለው፣ ብሩሹን ይዞ ድርቅ ብሎ ቆመ፤ ያ አቋቋሙ አሳቃት። ተዋደው፣ ቀን ቆርጠው ለሰርጋቸው ሽር ጉድ ሲሉ ግን ከመሰላል ወደቀና አከርካሪው ተጎዳ።

አሁን በሆስፒታል የማገገሚያ አዳራሽ፣ ከማሽን ላይ በቀበቶ ተንጠልጥሎ፣ እግሮቹን ሮቦት ይዞለት፣ ከስሩ ወደ ኋላ በሚሸሽ የላስቲክ ወለል ላይ ይራመዳል። እሷ ፊት ለፊቱ ትቆማለች። ወደ እሷ ይራመዳል፤ አንዲት ስንዝር ግን አይጠጋትም።

«ዛሬስ በርትተሃል» ትለዋለች።

«በሰርጋችን ቀን ቆሜ ነው የምቀበልሽ።»

ውሸቱን ነበር። የሚራመደው ማሽኑ ነው። ፊዚዮቴራፒስቷ፣ ማሽኑ እገዛውን ሲቀንስ እግሮቹ መንቀሳቀስ እንደሚያቆሙ አሳይታዋለች። «ለአጥንትህ፣ ለደምህ ዝውውር ይጠቅምሃል፤ መራመዱን ግን ቃል አልገባልህም» ብላዋለች። ይህን ለእጮኛው መንገር አቃተው። ካወቀች ትሄዳለች ብሎ ፈራ፤ ብትቀርም በአዘኔታ እንዳይሆን ፈራ።

አንድ ቀን ከማሽኑ ወርዶ ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሳለ፣ የሰርጉን ልብስ በፌስታል ይዛለት መጣች። ሱሪውን ጭኑ ላይ ዘረጋው። ወገቡ ከኋላ ከፍ፣ ከፊት ዝቅ ብሏል። የኋላ ኪስ የለውም። የሱሪው እግርም ከልኩ ይረዝማል።

«ተሳስተሻል» አላት። «ስቆም መሬት ይጠርጋል እኮ።»

ጣቶቿ የወንበሩን ጎማ ይዳብሱ ነበር።

«ስትቀመጥ ልክህ ነው» አለችው ቀስ ብላ። «የኋላ ኪስ ደግሞ ይቆረቁርና ያቆስልሃል።»

ያኔ ገባው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ከመጀመሪያው። አንተ መዋሸት መቼ ታውቅና ሆዴ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ቆመህ ቁልቁል ስታየኝ ደስ ይልህ ነበራ። እኔም ቀና ብዬ ሳይህ…» አልጨረሰችውም።

ሱሪውን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። እግሮቹ ይመለሳሉ ብሎ እንባውን ይዞ ስለነበር፣ ለእነሱ ሲያለቅስ ያ የመጀመሪያው ነበር። እሷም አላባበለችውም፤ አጠገቡ ቁጭ ብላ አብራው አለቀሰች።

«እንዳታጨማድደው፣ ተኩሼው ነው» አለችው በመጨረሻ፣ አፍንጫዋን እየጠረገች።

በሰርጉ ቀን ያንን ሱሪ ለብሶ፣ ተቀምጦ ጠበቃት። የተራመደችው እሷ ነች፤ በየእርምጃዋም ትቀርበው ነበር።