አባባ መስመር ሲዘለልባቸው

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲወራ ከሚስቁት ወገን ነበርኩ፣ ሞቶ የተቀበረ ሰው ታየ፣ ባዶ ቤት ውስጥ ድምፅ ተሰማ ሲሉኝ «እንቅልፍ ላይ ሆናችሁ ነው» ብዬ የማልፍ፣ አስተማሪ ነኝና እንዲያ ማለት የሥራዬ አንድ ክፍል ይመስለኝ ነበር። ዛሬም አምናለሁ ብዬ አልዋሻችሁም፣ የሆነውን ብቻ ልንገራችሁ።

መካነ ሰላም ነው፣ በድርቁ ጊዜ፣ መንግሥት ሊገለበጥ ነው፣ ኧረ ተገልብጧል እየተባለ። ጠዋት አስተምራለሁ፣ ከሰዓት ከከተማው ዳር በተሠራው መጠለያ አጥሚት ሳድል እውላለሁ፣ እመኑኝ፣ ወደ ቤት ስመለስ ነጠላዬን ማውለቅ እንኳ ይከብደኝ ነበር። ቤት የሚጠብቁኝ እመት ዘይነባ ናቸው፣ ልጆቻቸውን መንገድ ላይ ቀብረው ከከላላ በኩል የመጡ ሴትዮ፣ መጠለያው ቢሞላ እኔ ዘንድ አስጠጋኋቸው፣ እግራቸው አብጦ ከመደቡ አይወርዱም ነበር።

እህሉ ሲያልቅብን ዓይኔ የአባባ መጻሕፍት ላይ ወደቀ። አባባ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፣ ኋላ ዓይናቸው ሲጠፋ የማነብላቸው እኔ ነበርኩ፣ ከሞቱ ወዲህ ግን ያን መደርደሪያ የነካው የለም። አንድ ባለሱቅ ለስኳርና ለጨው መጠቅለያ ወረቀት ይፈልጋል፣ በእህል ይለውጣል ሲሉ ሰማሁና፣ አመሻሽ ላይ ኩራዝ አብርቼ ማውረድ ጀመርኩ። ግማሹን ምስጥ በልቶታል። አባባ የሚወዱትን ወፍራም የታሪክ መጽሐፍ ገለጥ ሳደርግ እመት ዘይነባ «ጮክ በይ ልጄ፣ እኔም ልስማ» አሉኝ።

አነበብኩ። ድካሙ ዓይኔን ሲጋርደው አንድ መስመር ዘለልኩ መሰለኝ፣ የአባባ ወንበር ካለበት ጥግ «ቋ» የሚል ነገር ሰማሁ። አይጥ ነው አልኩ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ዘለልኩ፣ «ቋ»። አባባ መስመር ስዘልባቸው ከዘራቸውን ከወንበሩ እግር ጋር እንዲህ ያጋጩ ነበር፣ ከዘራው ግን ቤት ውስጥ የለም፣ የተዝካራቸው ዕለት ለአንድ ሽማግሌ ሰጥተነዋል። እስኪ ብዬ ሆን ብዬ አንድ ሙሉ ገጽ አለፍኩ።

«ቋ! ቋ! ቋ!»

ተመልሼ ገጹን ሳነበው ጸጥ አለ።

«ምነው ልጄ» አሉ እመት ዘይነባ፣ «እያወቅሽ ሽማግሌውን ታናድጃቸዋለሽ?»

«የቱን ሽማግሌ?»

«እኒህን ነዋ!» በአገጫቸው ወደ ባዶው ወንበር አመለከቱ። «ስትገቢ ሰላም እንኳ አትያቸውም፣ ደክሟት ነው ብዬ ዝም አልኩ እንጂ።»

ስለ አባባ አንድ ቃል ነግሬያቸው አላውቅም፣ ፎቶግራፋቸውም ቤት ውስጥ የለም። ትኩሳት ይሆናል ብዬ ግንባራቸውን ዳሰስኩ፣ ቀዝቃዛ ነው። ምን ላድርግ፣ ምዕራፉን አንድም ቃል ሳልዘል ጨረስኩት።

በማግስቱ መጻሕፍቱን ለባለሱቁ ሰጠሁ፣ ወፍራሙንም ጨምሬ። የሚላስ የሚቀመስ አልነበረንማ። በዚያ እህል እመት ዘይነባ አገገሙ፣ የእግራቸውም እብጠት ጎደለ፣ ዝናብ ሲጥል ወረኢሉ ወዳሉ ዘመዶቻቸው ሊሄዱ ተነሡ።

ጉም በጉም የሆነ ጠዋት ነበር። ደጅ ድረስ ሸኘኋቸው። «አብሽሪ ልጄ፣ አላህ ያኑርሽ» ብለው ጉንጬን ሳሙኝና፣ ቀና ብለው በትከሻዬ ላይ አሻግረው ፈገግ አሉ።

«ኧረ እርስዎ ደግሞ! ለኔ ብለው ባይወጡ ምን አለ?» ወደኔ ጠጋ ብለው፣ «ይግቡ በያቸው እንጂ ልጄ፣ ብርድ ነው እኮ።»

ጉሙ እስኪውጣቸው ድረስ በዓይኔ ተከተልኳቸው። ዞሬ ለማየት አቅሙም ልቡም አልነበረኝም።

«ይግቡ፣ አባባ» አልኩ መንገዱን እያየሁ።

ከኋላዬ በሩ ቀስ ብሎ ገጠም አለ። ነፋስ አልነበረም። እስኪረፍድ ድረስ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።