ጠበሉን አልጠጣሁም

የሚኒባስ ሹፌር ነኝ፤ አፌ አያርፍም። መጀመሪያ ያየኋት ቀን እየሩስ ጋቢና ተቀምጣ በሃይላንድ ክዳን ውሃ ቀድታ ስትጠጣ፣ «ለወፍ ነው እንዴ?» አልኳት።

«ኩላሊቴ ሞቷል» አለች፣ ሳትቆጣ። «ወልድያ ለዲያሊስስ ነው የምሄደው፤ ደሜን በማሽን ያጥቡልኛል። ውሃ በልክ ነው የተፈቀደልኝ።»

አቤት ያፈርኩት!

ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን ያ ወንበር የእሷ ሆነ።

«ሰውነቴ የገዛ ደም ሥሮቼን ጠላት ብሎ ይዋጋል» አለችኝ አንድ ቀን። «በሽታው ኩላሊቴን ጨርሶ አሁን በመድኃኒት ተኝቷል።»

ከላሊበላ ወልድያ መንገዱ ረጅም ነው፤ ወደድኳት። እሷም ወደደችኝ። ለዳግማይ ትንሣኤ ሽማግሌ ልልክ ተስማማን።

በጾሙ እናቷ እማማ ገለቴ ጠበል ወሰዷት። ስትመለስ ትንፋሿ ይቆራረጣል፣ ያስላታል።

«ጠጣሽ አይደል?»

«ተጠመቅኩ እንጂ አልጠጣሁም።»

«ጠበል ተሂዶ ሳይጠጣ ይመጣል? ውሃው ነው ያፈነሽ!»

«በእመቤቴ አልጠጣሁም! ይሄ ሌላ ነው... ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰደኝ።»

«በእመቤታችን አትማይ! ሐሙስ ተራሽ ነው፤ ማሽኑ ይቀንስልሻል።»

ተናድጄ ወጣሁ። ሁለት ቀን አልደወልኩላትም። እናቷም «በሽታው እየወጣላት ነው» ብለው ታገሡ።

ሐሙስ ወልድያ ወሰድኳት፤ ማሽኑ ውሃውን ቀነሰላት። እሷ ግን ደም ማሳል ጀመረች። ሐኪሙ ወደ ውጭ ጠራኝ።

«ውሃው አይደለም። ተኝቶ የነበረው በሽታ ሳንባዋ ላይ አገርሽቷል። ኩላሊቷ ስለሞተ ማገርሸቱ በሽንት ምርመራ አይታወቅም፤ ምልክቱ ሳሉ ነበር። ጠንካራ መድኃኒት ጀምረንላታል... ግን ዘግይታችኋል።»

ተመልሼ ገብቼ አልጋዋ አጠገብ ተንበረከክኩ።

«እየሩስዬ... አምኜሻለሁ።»

ኦክስጅኑን ከአፏ ዝቅ አደረገች። «አሁንማ ዶክተሩ ነግሮህ ነው» አለችና ራሴን ዳበሰችኝ። «እኔ እኮ የፈለግኩት በቃሌ እንድታምነኝ ነበር።»

መድኃኒቱ አልደረሰላትም። እሑድ ጠዋት አረፈች።

በቀብሯ ቀን እማማ ገለቴ ደረታቸውን እየደቁ ጮኹ። «ጠጪ ጠጪ ያልኳት እኔ ነኝ! ሳላያት ጠጥታ ነው! በገዛ እጄ ገደልኳት!»

አላስችል አለኝ። ለቅሶተኛው ሁሉ እየሰማ አጠገባቸው ቆምኩ።

«አልጠጣችም፣ እማማ። ምላልኛለች፤ እውነቷን ነበር። ውሰደኝ ስትለኝ ያልወሰድኳት እኔ ነኝ።»

ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልረገሙኝም። እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው ቀና ብለው አዩኝ።

«ታዲያ ልጄ... ካልዋሸችህ ለምን አላመንካትም?»